«ሲስተም የለም» ሲሏችሁ

መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ «ሲስተም የለም» ስትላችሁ አትመኗት። ዋሽታለች ማለቴ አይደለም፤ የነገሯትን ነው የነገረቻችሁ። ሲስተሙ ግን አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሒሳቡ ክፍል ይሠራል፣ የደንበኞች መዝገብ ይሠራል፣ ስልካችሁ ላይ አጭር መልእክት የሚልከውም ይሠራል። የተበላሸው ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግረው መንገድ ነው። የዌብ ሶፍትዌር እየሠራን እንጀራ የምንበላ ሰዎች ይህን እናውቃለን። ደንበኛ ፊት ግን አናነሣውም፤ «መንገዱን እንዲህ አድርጎ ያወጣው ማነው?» የሚል ጥያቄ ይከተላልና። መልሱ ሰው ያስቀይማል።

ስለዚህ እዚሁ በመካከላችን ይቅር።

ከውጭ ለሚያየን ሥራችን ቤት መሥራት ይመስላል። መሠረት ይጣላል፣ ግድግዳ ይቆማል፣ ቁልፍ ይረከባሉ፣ አለቀ። እንደዚያ ቢሆንልን እኛም ደስ ባለን። የምንሠራው ግን ሰው እየኖረበት ነው። ትናንት በተከፈተ ገጽ ላይ ዛሬ ሰው ሒሳብ ይከፍታል፣ ልጁን ያስመዘግባል፣ ግብር ይከፍላል፤ እኛ ደግሞ እሱን ከተቀመጠበት ሳናስነሣ ከሥሩ ያለውን ቧንቧ እንቀይራለን። ይህ ከቤት ሠሪ ይልቅ የከተማ ፕላን ሰዎች ጣጣ ነው። ከእነሱ ጋር ቡና ስጠጣ የምሰማው ብሶት እኛ ስብሰባ ላይ ከምሰማው የሚለየው አስፋልት ስላለበት ብቻ ነው።

በሶፍትዌር ቤት የስብሰባ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል አይጠፋም። ሳጥኖች አሉበት፣ ቀስቶች አሉበት፣ ከላይ ደመና አለበት። እንግዳ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ እየጠቆመ ያስረዳል። ያ ሥዕል ማስተር ፕላን ነው፤ እንዲሆን የተፈለገው እንጂ የሆነው አይደለም። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ዴቨሎፐር ሁሉ ሥዕሉ ላይ የሌለች አንዲት ሳጥን ያውቃል፤ እንግዳው እስኪሄድ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የሲስተሙን ቅርፅ ማን ወሰነው? ባለሙያው እንዳይመስላችሁ። ሜልቪን ኮንዌይ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 በዚህ ላይ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላከ። ሐሳቡን አላረጋገጠም ተብሎ ተመለሰበት። ዳታሜሽን የተባለው የኮምፒውተር መጽሔት በኤፕሪል 1968 አወጣለት። ጭብጡ አጭር ነው፦ አንድ ድርጅት የሚነድፈው ሲስተም የድርጅቱን የመነጋገሪያ መስመር ቀድቶ ይወጣል። የማይነጋገሩ ሁለት ክፍሎች የሚሠሯቸው ሁለት ዕቃዎችም አይነጋገሩም። ሌላው የኮምፒውተር ሰው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ «የኮንዌይ ሕግ» አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ኮንዌይ ምሳሌ ፍለጋ አዲስ አበባ ቢመጣ ኖሮ ብዙ ባልደከመ። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሐሉ ላይ የቤተ መንግሥቱ ግቢ ነበር። ዙሪያውን እያንዳንዱ ራስና ደጃዝማች ከነሠራዊቱና ከነቤተሰቡ በተመራው ቦታ ሰፈረ። በአንዱ ሠፈር ውስጥ አለቃው፣ ባለሟሉ፣ ወታደሩ፣ አሽከሩ ሁሉም አለ። በሠፈርና በሠፈር መካከል ግን ሸለቆ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ባዶ ሜዳ አለ። ሁሉም ወደ ግቢ የሚወጣበት አያጣም፤ ወደ ጎረቤት የሚያሻግረው ድልድይ የመጣው በኋላ ነው። ደጃች ውቤ ሠፈር፣ ሠራተኛ ሠፈር፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስንል የምንጠራው የዚያን ዘመን የሥልጣን ሰንጠረዥ ነው፤ መሬት ላይ ተሥሎ ቀርቷል። መኳንንቱ አልፈዋል፣ ሥርዓቱም ከፈረሰ ቆይቷል። ሚኒባሱ የሚታጠፈው ግን ዛሬም በእነሱ ድንበር ልክ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጓዳ ግቡ። ስሙን የማልጠራው አንድ ትልቅ ድርጅት አለ። ደንበኛ የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ እዚያ ቤት ሁለት ነው፤ አንዱ ቅርንጫፎች የሚጠቀሙበት ሲስተም ውስጥ፣ ሌላው የስልክ መተግበሪያውን የሚሠራው ቡድን ዘንድ። ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ብታስቀይሩ መተግበሪያው የማረጋገጫ ቁጥሩን የሚልከው ለድሮው ሲም ነው። ሁለቱ ቡድኖች ተጠሪነታቸው ለሁለት ምክትል ኃላፊዎች ነው፤ ኃላፊዎቹ ደግሞ ከሰላምታ አልፈው አይነጋገሩም። በመካከላቸው ያለችው ድልድይ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትነሣ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ነች። የቀኑን ለውጥ ሁሉ ወደ አንድ ፋይል ትገለብጣለች፤ በአንዱ መረጃና በሌላው መካከል ኮማ እያደረገች ሌላ ሰርቨር ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እዚያ ያለችው እኅቷ አንሥታ ታስገባለች። አንድ የቅርንጫፍ ሠራተኛ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ላይ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ, ሁለተኛው በር» ለማለት ብሎ ኮማ ያስገባ ቀን ዓምዱ ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል። የስልክ ቁጥሩ ቦታ ላይ «ሁለተኛው በር» ይገኛል። እኅትየዋ ትደነግጥና ትቆማለች። ይህችን ፕሮግራም የጻፈው ልጅ ካናዳ ከገባ ቆይቷል። ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱ ጋ የምትሰሙትን ታውቁታላችሁ።

ሰዎቹ ሰነፎች አይደሉም። አዲስ አስፋልት በፈሰሰ በወሩ ውኃው የሚቆፍረው፣ ውኃው የደፈነው ሳይደርቅ ስልኩ የሚቆፍረው፣ ቀጥሎም መብራቱ መዶሻውን ይዞ የሚመጣው በዚሁ ባለመነጋገር ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ቆፋሪ በራሱ ዕቅድ ሲታይ ትክክል ነው፤ በጀቱም በጊዜው ተፈቅዷል። እንዲያውም አንድ የሙያ ምስጢር ልጨምርላችሁ፦ በሥራው የሸመገለ የሶፍትዌር ሰው አዲስ መሥሪያ ቤት ሲገባ ኮዱን ለማየት አይቸኩልም። ማን ከማን ጋር ምሳ እንደሚበላ ያያል። ሲስተሙ የት የት ላይ እንደሚሰበር ከዚያ ያነብበዋል።

ሥዕሉ ላይ ወደሌለችው ሳጥን እንመለስ። የኤክሴል ፋይል ነች።

ነገሩ እንዲገባችሁ ብራዚል ደርሰን እንምጣ። አገሪቱ ዋና ከተማዋን ከባሕር ዳር ወደ መሐል አገር ልታዛውር ስትነሣ ፕላኑን ሉሲዮ ኮስታ፣ ዋና ዋና ሕንፃዎቹን ኦስካር ኒሜየር ነደፉ። ብራዚሊያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1960 ተመረቀች። ከሰማይ ሲያዩዋት አውሮፕላን ትመስላለች። መኖሪያው ለብቻ፣ ሚኒስቴሩ ለብቻ፣ ሆቴሉ ከሆቴል ጋር፣ ባንኩ ከባንክ ጋር ተመድቦ በንጽሕና ተቀምጧል። ሲሚንቶውን ያቦኩት፣ ብረቱን የተሸከሙት ሠራተኞች ግን ፕላኑ ላይ ቦታ አልነበራቸውም። ሥራው ሲያልቅ ወደመጡበት ይመለሳሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። አልተመለሱም። ታጓቲንጋ የተባለችው የዳር ከተማ የተመሠረተችው በ1958 ነው፤ ዋናዋ ከተማ ከመመረቋ ሁለት ዓመት ቀድማ። ዛሬ ከፌዴራል አውራጃው ሕዝብ አብዛኛው የሚኖረው ከኮስታ ሥዕል ውጭ ነው።

በሚሊዮን ብር ተገዝቶ በመጣ «ዘመናዊ ሲስተም» ዙሪያ ሁሉ አንዲት ታጓቲንጋ አለች። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ቢሮው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው አንጋፋ ሠራተኛ ይኖራሉ። ኮምፒውተራቸው ላይ ከሲስተሙ መስኮት ጎን ሁልጊዜ የተከፈተ የኤክሴል ፋይል አለ፤ ቢጫና ቀይ የተቀባ፣ ሌላ ሰው ቢነካው የሚጮኹበት። ለምን እንደያዙት ጠይቋቸው። ሲስተሙ ግማሽ ክፍያ አይቀበልም ይሏችኋል። አንድ ደንበኛ በሁለት ውል ሲመጣ ይጋጭበታል። ከሁሉ በላይ ጳጉሜን አያውቅም፤ የውጭ አገር ሰው ስለሠራው ዓመት ማለት ለእሱ አሥራ ሁለት ወር ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 እንደሚያልቅም በግድ ነው የገባው። ስለዚህ ወሩን ሙሉ ኤክሴሉ ላይ ይሠራሉ፣ በወሩ መጨረሻ ሁለት ቀን ተቀምጠው ወደ ሲስተሙ ይገለብጣሉ። ለቦርድ የሚቀርበው ሪፖርት ከሲስተሙ ይወጣል። ውሳኔ የሚሰጠው ግን ሥራ አስኪያጁ ስልክ አንሥቶ «እትዬ፣ እውነቱ ስንት ነው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ነው።

ይህን የሚያውቅ ፕሮጀክት ማናጀር ፕሮግራመር ከመቅጠሩ በፊት እሳቸው ጎን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። የማያውቀው የምረቃው ዕለት አበባ ያበረክትላቸዋል።

ሁሉንም አፍርሶ ከዜሮ የመጀመር ፈተና ለእኛ ሙያ ትልቁ ነው። አሮጌ ኮድ ያስጠላል፤ ባዶ ሜዳ ያምራል። ኔትስኬፕ የተባለው የድረ ገጽ ማሰሻ በ1990ዎቹ አጋማሽ ኢንተርኔት የሚገባበት በር ነበር። በ1998 የድሮውን ኮድ ትቶ እንደ አዲስ ሊጽፍ ወሰነ። አምስተኛው እትም ጭራሽ አልወጣም፤ ስድስተኛው ብቅ ያለው በ2000 መጨረሻ ነው። እስከዚያ የማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ገበያውን ጠራርጎ ወስዶታል። አሮጌው ኮድ ውስጥ «ቆሻሻ» የመሰላቸው ብዙው መስመር፣ አንድ ቀን አንድ ተጠቃሚ ደውሎ ላማረረበት ችግር የተሰጠ መልስ ነበር።

እንዲያውም ከተማ ቢቃጠል እንኳ ሙሉ በሙሉ አይፈርስም። ለንደን በሴፕቴምበር 1666 ከነደደች በኋላ አርክቴክቱ ክሪስቶፈር ሬን አመዱ ሳይበርድ፣ በቀናት ውስጥ፣ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሉት ፕላን ለንጉሡ አቀረበ። ያማረ ነበር። አልተሠራም። ቤቱ የነደደበት ሰው ካርታው አልነደደም፤ ሁሉም የየራሱ ቦታ ላይ ቆሞ ድንበሬን አለ። ከተማዋ ከጥቂት ማስፋፋት በቀር በድሮዎቹ መስመሮች ላይ ተመልሳ ተሠራች። ዛሬ እዚያ የባንክ ፎቆች የተሰለፉባቸው ጠባብ መታጠፊያዎች መካከለኛው ዘመን ያወጣቸው ናቸው።

ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ እኛም የምንሸሽገው ይህንኑ ነው። ገንዘቡም፣ ዓይኑም፣ ጭቅጭቁም ቤቱ ላይ ነው፤ የሚቆየው ግን መስመሩ ነው። የኒው ዮርክን የማንሃተን ደሴት በ1811 ሦስት ኮሚሽነሮች 12 አቬኑና 155 አግድም መንገድ አድርገው በወረቀት ከፋፈሉት። ያኔ አብዛኛው እርሻና ኮረብታ ነበር። በዚያ ፍርግርግ ላይ የቆሙት ቤቶች ስንት ጊዜ ፈርሰው ተሠሩ፤ ፍርግርጉ አለ። የበለጠ የሚያስቀው ብሮድዌይ ነው። ከፍርግርጉ በፊት የነበረ፣ ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት የአገሬው ተወላጆች የሚሄዱበት መንገድ ሲሆን ሰያፍ ሆኖ ንጹሑን ፕላን እያቋረጠ ያልፋል። ሊያጠፉት አልቻሉም። ታይምስ ስኩዌር የበቀለው እሱ ሰባተኛውን አቬኑ በሚያቋርጥበት ላይ ነው።

በእኛ ሥራ መስመሩ ምንድን ነው? የገጽ አድራሻ ነው፣ የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ነው፣ አንዱ ፕሮግራም ሌላውን የሚጠይቅበት ኤፒአይ ነው። ገጹን በየዓመቱ ብትቀቡት ማንም አይጎዳም። አድራሻውን ስትነኩ ግን ከውጭ ሆኖ በዚያ መንገድ የሚመጣውን፣ የማታውቁትን ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ትጥላላችሁ። ድረ ገጽን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ በ1998 ጥሩ አድራሻ አይቀየርም ብሎ ጽፎ ነበር። እኛ ዘንድ አዲስ ኃላፊ በተሾመ ቁጥር ድረ ገጹ እንደ አዲስ ይሠራል፤ በድሮው ሊንክ አዋጅና መመሪያ የሚፈልግ ሁሉ «404» የሚል ግድግዳ ይገጥመዋል። ሰነዱ እኮ አልጠፋም። ቤቱ አለ፤ መንገዱን ነው የዘጉበት።

ሠንጠረዡ ደግሞ ይብሳል። በአንድ ሲስተም ውስጥ «ከስተመር ቴምፕ ቱ» የሚባል ሠንጠረዥ ታገኛላችሁ። አንድ ዓርብ ማታ ለጊዜው ተብሎ የተፈጠረ ነው። ዛሬ የድርጅቱ ደንበኛ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው ያለው። ስሙን እናስተካክል ብትሉ ሪፖርቱ፣ መተግበሪያው፣ የሌሊቷ ፕሮግራም፣ የእትዬ ኤክሴል ሁሉም በዚያ ስም ይጠሩታልና ተዉት ትባላላችሁ። ሰንጋ ተራ ላይ ሰንጋ ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው፤ አሁን የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት ፎቅ ተደርድሮበታል። ስሙን ቀይሩ ብትሉ ግን ወያላው አይሰማችሁም።

ከከተማ ፕላን ሰዎች ጋር ዝምድናችን ከመመሳሰል ያለፈ ነው፤ ዕዳ አለብን። ክሪስቶፈር አሌክሳንደር በካሊፎርኒያ በርክሌይ ያስተማረ አርክቴክት ነበር። በ1977 ከባልደረቦቹ ጋር 253 የንድፍ ሐሳቦችን የያዘ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ፤ ከክፍለ ሀገር አቀማመጥ ተነሥቶ እስከ መስኮት ሥር መቀመጫ ይወርዳል። በ1987 ኬንት ቤክና ዋርድ ከኒንግሃም የሚባሉ ሁለት ፕሮግራመሮች ሐሳቡን ወደ ኮድ አመጡት። ከኒንግሃም እንዲህ ያሉ ንድፎችን ከየባለሙያው ለመሰብሰብ ሲል በ1995 ማንም ገብቶ የሚያርመው ገጽ ሠራ፤ የመጀመሪያው ዊኪ እሱ ነው። የአማርኛውን ጨምሮ ዊኪፔዲያ ሁሉ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። አርክቴክቶቹ አሌክሳንደርን ብዙም ሳይወዱት ፕሮግራመሮች አነገሡት።

እኔ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ በ1965 የጻፈውን አጭር ጽሑፍ ነው የምወደው። በርክሌይ ውስጥ ስላለ አንድ የመንገድ ማዕዘን ያነሣል። መድኃኒት ቤት አለ፤ ደጁ ላይ የትራፊክ መብራት አለ፤ መግቢያው ላይ የዕለቱ ጋዜጦች የተደረደሩበት መደርደሪያ አለ። መብራቱ ቀይ ሲሆን ሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ ሥራ ስለሌለው ጋዜጦቹን ያያል፤ አንዳንዱም ይገዛል። መብራቱ የትራፊክ ክፍል ነው፣ ጋዜጣው የነጋዴ ነው፣ እግረኛው የማንም አይደለም። ማዕዘኑን ሕያው ያደረገው የሦስቱ መደራረብ ነው። አሌክሳንደር የሚለው፣ በወረቀት የተነደፉ ከተሞች የሚሞቱት ንድፍ አውጪው ሁሉን ነገር እንደ ቅርንጫፍ ከፋፍሎ፣ አንዱ ቅጠል ሌላውን እንዳይነካ አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ነው። ከምሳሌዎቹ አንዷ ብራዚሊያ ነች።

ይህን ካነበባችሁ በኋላ ማይክሮሰርቪስ የሚባለውን ፋሽን ተመልከቱ። በ2010ዎቹ መጣ። አንዱን ትልቅ ፕሮግራም በታትኖ እያንዳንዱን ሥራ ለብቻው ትንሽ ፕሮግራም ማድረግ ነው፤ ክፍያው ለብቻ፣ መልእክቱ ለብቻ፣ ፍለጋው ለብቻ። ሺህ መሐንዲስ ላለው ኩባንያ መላ ነው፤ ኮንዌይን አስታውሱ፣ ብዙ ቡድን ላለው ብዙ ሳጥን ይስማማዋል። የእኛ አገር ጀማሪ ድርጅት ግን አምስት ልጆች ይዞ ሲስተሙን ሠላሳ ቦታ ይቆራርጠዋል። ለምን ብትሉ ባለሀብቱ ፊት ሥዕሉ ስለሚያምር ነው፤ ልጆቹም ሲቪያቸው ላይ ሊጽፉት ይፈልጋሉ። ይህን ሁለተኛውን ምክንያት ማንም አይነግራችሁም። ከዚያ በኋላ አንድ ትዕዛዝ ለምን እንደዘገየ ለማወቅ ሠላሳ በር ማንኳኳት ነው። መብራቱን፣ ጋዜጣውንና እግረኛውን ሦስት ቀበሌ አኑረዋቸዋል።

በ1996 ሳን ሆዜ ላይ ፕሮግራመሮች አሌክሳንደርን ጋብዘው ንግግር አደረገላቸው። ሐሳቡን ስለወደዱለት አመስግኖ፣ የምትሠሩት የሰውን ኑሮ በእርግጥ የተሻለ ያደርጋል ወይ የሚል ጥያቄ ጣለ። ሙያው ንድፎቹን ይዞ ጥያቄውን እዚያው አዳራሽ ትቶት ወጣ ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ስለ መንገድ መጨናነቅ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ዲትሪኽ ብራስ የተባለ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ በ1968 እንዳሳየው፣ ሁሉም ለራሱ የሚፈጥነውን መንገድ በሚመርጥበት ከተማ ተጨማሪ መንገድ መክፈት የሁሉንም ጉዞ ሊያዘገይ ይችላል። ሴኡል ቾንግጌቾን የተባለውን ወንዝ የሸፈነውን ከፍ ያለ አውራ ጎዳና ከ2003 ጀምሮ አፍርሳ በ2005 ወንዙን ገለጠች፤ የተፈራው መዘጋጋት አልመጣም። የእኛ ሠፈር ብራስ የሚታየው የፈተና ውጤት የሚለቀቅ ዕለት ነው። መተግበሪያው መልስ ሲዘገይበት ራሱ ደግሞ እንዲጠይቅ ተደርጎ ይሠራል፤ አሳቢ ፕሮግራመር ለተጠቃሚው ሲል ያደረገው ነው። ሰርቨሩ ትንሽ ሲደክም 100 ሺህ ተማሪ የላከው ጥያቄ በሦስት ሙከራ 300 ሺህ ይሆናል። ተማሪውም በበኩሉ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል፤ አጎቱም ከሌላ ስልክ ይሞክርለታል። ያልሞተው ሰርቨር በደግነት ይሞታል። መድኃኒቱ ያልተመለሰለት ሁሉ እኩል ሰዓት ላይ እንዳይመጣ፣ እያንዳንዱ በዕጣ በደረሰው ጊዜ፣ ቀስ በቀስ እየራቀ እንዲሞክር ማድረግ ነው። ብዙ ኃላፊ ግን ሌላ ሰርቨር ይገዛል። ሰርቨር ፎቶ ይነሣል።

ከኒንግሃም በ1992 «የቴክኒክ ዕዳ» የሚል አነጋገር አመጣ። ለመፍጠን ብሎ በጥድፊያ የተጻፈ ኮድ ብድር ነው፤ ቶሎ ከከፈሉት ይጠቅማል፣ ካልከፈሉት ወለዱ ይበላል። ምስጢሩ ዕዳው አይደለም። ዕዳው የማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። የቀበሌ ቤትን አስቡ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ዞሩ። ኪራዩ ዝቅ ብሎ ቀረ። ነዋሪው የእኔ አይደለም ብሎ አያድስም፤ ቀበሌው በኪራዩ ቆርቆሮ እንኳ አይገዛበትም። ጭቃው ረገፈ። ቤቱ ውስጥ ግን ሦስት ትውልድ አደገ። ኢንተርኔትም እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉት። ከድረ ገጾች ጋር የምንለዋወጠውን ምስጢር የሚቆልፈው ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለ ፕሮግራም ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ነበር፤ የሚጠግኑት ግን በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች። በኤፕሪል 2014 «ሃርትብሊድ» የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ ነው ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለጥገናው ገንዘብ ማዋጣት የጀመሩት።

ታዲያ ያረጀ ሲስተም እንዴት ይታደሳል? የሚሠራው መንገድ የታወቀ ነው። የሶፍትዌር ጸሐፊው ማርቲን ፋውለር በ2004 የጻፈበት ነው፦ ከአሮጌው ፊት ለፊት አንድ በር ታቆማላችሁ፤ ጥያቄ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ከዚያ አንዱን ሥራ ብቻ፣ ለምሳሌ ስልክ ቁጥር መቀየሩን፣ አዲስ ትሠሩና በሩ ላይ ወደ አዲሱ ታዞራላችሁ። ሌላው በድሮው ይቀጥላል። በወሩ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንድ ቀን ወደ አሮጌው የሚሄድ ሰው ይጠፋና ታጠፉታላችሁ። ጎረቤት ሳይፈናቀል፣ መንገድ ሳይዘጋ ማለት ነው። ደንበኛው አንዳች ነገር እንደተደረገ እንኳ አያውቅም።

ችግሩም ይኸው አለማወቁ ነው። መሬት ሥር የተቀበረ ቧንቧ ሪባን አይቆረጥለትም። ይህን ዕቅድ ይዛችሁ ኃላፊ ቢሮ ስትገቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠብቃችሁ፦ «መቼ ነው የሚመረቀው?» መቼም የማይመረቅ ሥራ በጀት አያገኝም። ስለዚህ በሙያው የቆዩት አንድ ዘዴ አላቸው፤ ይህን ከእኔ ሰማን እንዳትሉ። የመግቢያውን ገጽ ቀለም ይቀይሩታል። ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከላይ አዲስ ዓርማ፣ ከታች «ስሪት 2.0»። አዳራሽ ይከራያሉ፣ ኬክ ይታዘዛል፣ ኃላፊው ቁልፍ ይጫናል፣ ጋዜጠኛ ፎቶ ያነሣል፤ በጀቱም ይለቀቃል። የሌሊት ዘጠኝ ሰዓቷን ፕሮግራም የምትተካው ኤፒአይ በዚያው ገንዘብ ትሠራለች፤ ያለቀች ቀንም ሁለት ዴቨሎፐሮች ብቻ ያውቃሉ።